የፊት ማጽጃ ብሩሽ ስመርጥና ስሞክር የያዝኩት ማስታወሻ

ከመግዛት በፊት

ፊቴ ድብልቅ የሚባለው ዓይነት ነው። ግንባሬና አፍንጫዬ ይወዛሉ፤ ጉንጮቼ ይደርቃሉ። ጠዋት ጠዋት ሳንስክሪን (የጸሐይ መከላከያ ቅባት) እቀባለሁ። ማታ በእጄ ታጥቤ ከጨረስኩ በኋላ ነጭ ጥጥ በቶነር (ከታጠቡ በኋላ ፊት በሚጠረግበት ፈሳሽ) አርሼ አፍንጫዬን ስጠርግ አሁንም ቅባት ይዞ ይወጣል። በአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ደግሞ ትንንሽ ቅርፊት ይነሳል፤ ሜካፕ ስቀባ እዚያው ላይ ይከማቻል። ብሩሽ የፈለግሁት ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው፤ ለቀረው ቅባትና ለቅርፊቱ። መጨማደድ ያጠፋል፣ የቆዳ ቀዳዳ ይዘጋል የሚለውን ማስታወቂያ ከመጀመሪያው ትቼዋለሁ። ብሩሽ ከቆዳው ላይ ያለውን ያነሳል እንጂ የቀዳዳን መጠን አይቀይርም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልጻፍ። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ስለ ፊት አስተጣጠብ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ለስላሳ ክሊንዘር (የፊት ማጠቢያ)፣ ለብ ያለ ውሃ፣ የጣት ጫፍ፣ ሳይፈገፍጉ። ብሩሽ የግድ ነው አይልም። ስለዚህ የምፈትነው ነገር ግልጽ ነው፤ ብሩሹ ከጣቴ የተሻለ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

የሙከራው ደንብ እንዲህ ነው። ቀኝ ፊቴን በብሩሽ፣ ግራውን በእጄ እታጠባለሁ። ክሊንዘሩ፣ ውሃው፣ ከዚያ በኋላ የሚቀባው ሎሽን ለሁለቱም አንድ ነው። እንዲህ ካልተደረገ የአየር ለውጡም፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ የወር አበባ ሰሞን ብቅ የሚለው ብጉርም ሁሉ በብሩሹ ይሳበባል። ወይም ደግሞ ብሩሹ ያልሠራው መልካም ነገር ለእሱ ይቆጠርለታል።

ዓይነቶቹን ስለይ

ባለ ሞተሮቹን በሦስት ከፈልኳቸው። አንደኛው የሚሽከረከረው ነው። ጭንቅላቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ክብ ይዞራል። ሞተሩ ቀላል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ርካሹ እሱ ነው። ሁለተኛው ሶኒክ የሚባለው ነው። ሙሉ ዙር አይዞርም፤ በጣም ትንሽ ርቀት ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፣ ግን በከፍተኛ ፍጥነት። ሦስተኛው ሲሊኮን ነው። ጸጉር የለውም። ከሲሊኮን የተሠሩ አጫጭር ጥርሶች አሉት፤ ሞተሩ እነሱን ያንቀጠቅጣቸዋል። ሞተር የሌለው በእጅ የሚያዝ የሲሊኮን ማሻሻም አለ፤ የእሱ ጫናም ፍጥነትም ከእጅ ብቻ ነው የሚመጣው።

ሶኒኩን በሰፊው ያስተዋወቀው ክላሪሶኒክ ነበር። ከሠሩት ሰዎች መካከል ቀደም ሲል ሶኒኬር የተባለውን የኤሌክትሪክ ጥርስ ብሩሽ የሠሩ ይገኙበታል። በ2004 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋለ፤ በ2011 ሎሬያል ገዛው፤ በሴፕቴምበር 2020 መጨረሻ ላይ ደግሞ ተዘጋ። ይህን የምጽፈው ለገዢ የሚጠቅም ነገር ስላለው ነው። ኩባንያው ሲዘጋ በየቤቱ ሞተሩ ደህና የሆነ እጀታ ነበር፤ ኦሪጅናል ጭንቅላት የሚያመርትለት ግን ቀረ። የየብራንዱ አገጣጠም ስለሚለያይ የአንዱ ጭንቅላት ለሌላው አይገባም። ስለዚህ የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ፍጥነት ወይም ስለ ቀለም አይደለም። መለዋወጫ ጭንቅላቱ ለብቻው ይሸጣል ወይ? የማይሸጥ ከሆነ ብሩሹ ስንት ባህርይ ቢኖረው አልገዛውም።

የሲሊኮኑን መንገድ ያስለመደው የስዊድኑ ፎሪዮ ነው፤ ሉና የሚለውን ምርቱን በ2013 አውጥቷል። እዚህ መለዋወጫ የሚባል ጣጣ የለም። ጥርሶቹና እጀታው አንድ ወጥ ናቸው።

ከዚያ ጸጉሩ ላይ አተኮርኩ። ናይሎን ሆኖ ጫፉ የተድቦለቦለ መሆን አለበት። ጫፉ ተቆርጦ የቀረ ናይሎን ቆዳ ይጭራል፤ በእጅ ጀርባ ላይ በደረቁ ሲሳብ ወዲያው ያስታውቃል። የእንስሳ ጸጉር ያላቸውም አሉ። ውሃ ስለሚመጥ ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥበት ደግሞ የጀርም ቤት ነው። እሱን ተውኩት።

ውሃ መቋቋሙን በተመለከተ «ዋተርፕሩፍ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርም። መታየት ያለበት አይፒኤክስ የሚለው ቁጥር ነው። አይፒኤክስ4 ማለት ለሚረጭ ውሃ ብቻ ነው። አይፒኤክስ7 ማለት 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ተነክሮ ይቋቋማል ማለት ነው። ሻወር ውስጥ ይዤ ለመግባትና እጀታውን ቧንቧ ሥር ለማጠብ ስላሰብኩ 7 ያለውን ፈለግሁ። ሻወር የማያስገባው ሰው 4 ይበቃዋል፤ ለቁጥሩ ተጨማሪ መክፈል የለበትም።

ሰዓት ቆጣሪ ያለው ይሻላል። ቅንጦት ይመስላል፣ ግን ፊት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ከመቆየት ይመጣል። ክላሪሶኒክ ያስለመደው አከፋፈል ጥሩ መነሻ ነው፦ ግንባር 20 ሰከንድ፣ አፍንጫና አገጭ 20፣ እያንዳንዱ ጉንጭ 10። በድምሩ አንድ ደቂቃ። ጉንጭ ከሁሉም ያነሰ የተሰጠው ቆዳው ቶሎ ስለሚቆጣ ነው።

የሚሽከረከረው

እቤት ውስጥ ሳይነካ የተቀመጠ፣ በሁለት ድንጋይ የሚሠራ ብሩሽ ነበር። አዲስ ከመግዛቴ በፊት በእሱ ጀመርኩ። ባትሪ ቤቱን ስከፍተው ስፕሪንጉ ላይ ነጭ ዱቄት አለ። ይህ ከድሮው ባትሪ የፈሰሰ ነገር ነው፤ ከአልካላይን ባትሪ የሚወጣው ቆዳ ያቃጥላል፣ በባዶ እጅ አይነካም። ጓንት አድርጌ፣ የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ በኮምጣጤ አርሼ ጠረግሁት፤ ዱቄቱ እየፈላ ለቀቀ። ከዚያ በአልኮል ጠርጌ አደረቅሁት። ሠራ።

ሥራው ግን አላረካኝም። ዙሩ ቆዳን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ይታወቃል። አረፋውንም በጠርዙ ይረጨዋል፤ መስታወቱ ላይ ሳይቀር። ትንሽ ጫን ሲባል ሞተሩ ይቆማል። መቆሙን እንደ ጉድለት አላየውም፤ ቆዳን የሚጠብቅ ነገር ነው።

የገረመኝ የባትሪው ጉዳይ ነው። ሁለት ድንጋይ አዲስ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 1.5 ቮልት፣ በድምሩ 3 ቮልት ይሰጣሉ። እየደከሙ ሲሄዱ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሞተሩም ይዘገያል። ያን ጊዜ እጅ ሳያስበው ጫና ይጨምራል። ማለትም ብሩሹ በደከመ ቁጥር ፊት የበለጠ ይፈገፈጋል። በድንጋይ የሚሠራ ብሩሽ ያለው ሰው ድምፁ መቀየር ሲጀምር ባትሪውን ይለውጥ፤ ፈጽሞ እስኪቆም አይጠብቅ።

የባትሪ ቤቱ ክዳን ላይ ያለው ጎማም ላልቷል። አንድ ቀን ስከፍተው ውስጡ እርጥብ ነው። እዚህ ላይ አቆምኩ። ድንጋዮቹን አውጥቼ ብሩሹን ለጫማ ጽዳት መደብኩት።

ሶኒኩ፣ መጀመሪያ

የገዛሁት ቻርጅ የሚደረግ፣ የናይሎን ጭንቅላት ያለው፣ አይፒኤክስ7፣ ሁለት ፍጥነት፣ ሰዓት ቆጣሪ ያለው ነው። ከጭንቅላቶቹ ለስላሳ የሚለውን ወሰድኩ። «ለጥልቅ ጽዳት» ተብሎ የሚሸጠው ጸጉሩ ጠንከር ያለ ነው፤ የፊት ቆዳ የሚፈልገው አይደለም።

አሠራሩን እንዲህ ረጋሁበት፦

ሜካፕ ካለ መጀመሪያ በእጅ ይለቃል። ብሩሽ ሜካፕ ለማስለቀቅ አይደለም፤ ማስካራና ፋውንዴሽን ጸጉሩ ሥር ገብተው ይቀራሉ፣ በኋላ ማውጣት ሌላ ሥራ ነው። ፊቱም ጭንቅላቱም በለብ ያለ ውሃ ይርሳል። ክሊንዘሩ ፊት ላይ በጣት ይቀባል። ብሩሹ ላይ ከተደረገ መጀመሪያ ያረፈበት ቦታ ብዙ ያገኛል፣ የመጨረሻው ቦታ ደግሞ በደረቁ ይታሻል። ሞተሩ የሚበራው ጭንቅላቱ ቆዳ ላይ ካረፈ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ አረፋው ይረጫል። ከዚያ በዝግታ፣ በትንንሽ ክብ፣ ጭንቅላቱ ቆዳው ላይ ሙሉ በሙሉ ጠፍጠፍ ብሎ።

ጫናው ላይ ብዙ ጊዜ ወሰድኩ። መለኪያው ጸጉሩ ነው። ከታጠፈና ወደ ውጭ ከተከፈተ ጫናው በዝቷል። የሚያጸዳው የጸጉሩ ጫፍ ነው፤ ሲታጠፍ ጫፉ ይቀርና በጎኑ መሻት ይጀምራል። ሌላው ምልክት ድምፅ ነው። ሲጫን የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል። ዓይኔን ጨፍኜ ስለምታጠብ ከጸጉሩ ይልቅ ድምፁ ጠቀመኝ። ፊት የከሰለ ድስት አይደለም፤ ብሩሹ እንዲነካው ያህል ብቻ ይበቃል።

ዓይን ዙሪያ አላደረስኩትም። እዚያ ያለው ቆዳ ከፊት ሁሉ የሳሳው ነው። ከንፈርም አይነካም።

የመጀመሪያው ሳምንት ውጤት ደስ ይላል። ቀኝ ጉንጬ ለስለስ አለ። የቀኝ አፍንጫዬ ቅርፊት ጠፋ። ሎሽኑ በቀኝ በኩል ቶሎ ይሰርጋል። የጥጥ ሙከራው ላይም ቀኙ ከግራው ንጹሕ ነው።

ሶኒኩ፣ ሲቀጥል

መመሪያው በቀን ሁለቴ ስለሚል ጠዋትና ማታ ነበር የምጠቀመው። ሁለተኛው ሳምንት ውስጥ ቀኝ ጉንጬ ከታጠብኩ በኋላ መወጠር ጀመረ። ቀጥሎ የለመድኩት ሎሽን ሲነካው ቆጠቆጠኝ። ግራው ምንም አላለም። የብርሃን አንግል ሲቀየር ቀኙ ያብለጨልጫል፤ ግን የወዝ ብልጭታ አይደለም፣ ደረቅ ነው፣ የተወጠረ ላስቲክ ዓይነት።

ምክንያቱ የሚገባ ነው። የቆዳ የላይኛው ሽፋን በብዙ የፊት ክፍል ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ቢሆን ነው። አንድ ሚሊሜትር 1000 ማይክሮን መሆኑን ስናስብ ሽፋኑ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ይታያል። የሞቱ ሴሎች ተደራርበው፣ በመካከላቸው ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ የተባሉ ቅባቶች እየያዟቸው ነው ያለው። ይህ ሽፋን ውሃ ከውስጥ እንዳይተን፣ የሚያስቆጣ ነገር ከውጭ እንዳይገባ ይጠብቃል። የላይኛው ቆዳ ለመታደስ በግምት አንድ ወር ይፈጅበታል። በቀን ሁለቴ የሚታሽ ከሆነ መተካቱ ከመነሳቱ ጋር አይደርስም። የሚቆጠቁጠኝ ሎሽኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ በሩ ስለተከፈተለት ነው።

ብሩሹን ሙሉ በሙሉ አቆምኩ። ቀኙም እንደ ግራው በጣት ብቻ። መዓዛ የሌለው ወፍራም ቅባት፣ ማታ ላይ ቀጭን ቫዝሊን ጉንጭ ላይ። መቆጥቆጡ እስኪጠፋ ድረስ ምንም አዲስ ነገር አልጨመርኩም። ሲጠፋ በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ ብዬ እንደገና ጀመርኩ። ጉንጭን ወደ 5 ሰከንድ አወረድኩት። ጠዋት ብሩሽ የለም፤ ሌሊት ፊት ላይ የሚጠራቀመው ነገር ለጣት የሚከብድ አይደለም።

በዚህ አጋጣሚ ክሊንዘሩንም አየሁት። ብዙ አረፋ የሚሰጥ፣ ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት የሚባል ጠንካራ አረፋ ሰጪ ያለበት ነበር። በጣት ሲሆን ችዬው ኖሬያለሁ። ብሩሹ ግን አረፋውን ያበዛዋል፣ ወደ ቆዳውም አጥብቆ ያገናኘዋል። በዚያ ላይ የቆዳ ተፈጥሯዊ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 5 ገደማ ነው፤ ተራ የገላ ሳሙና 9 ወይም 10 ይደርሳል። ስለዚህ ሳሙና ያልሆነ፣ ለስላሳ፣ መዓዛ የሌለው ጄል ቀየርኩ። በቀኝም በግራም። ልዩነቱ በሁለቱም በኩል ታየ፤ በቀኙ ግን ጎላ። ከብሩሹ በፊት መቀየር የነበረበት ክሊንዘሩ ነው ብዬ አምናለሁ። አዲስ ብሩሽ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው የምለውም ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ክሊንዘርህን ቀይርና ጥቂት ሳምንት ጠብቅ።

ስክራብ፣ ማለትም ቆዳ የሚፈገፍግ ደቃቅ ፍሬ ያለበት ማጠቢያ፣ ከብሩሽ ጋር ፈጽሞ አይሄድም። ሁለቱም የሚያሹ ናቸው።

ሳሊሲሊክ አሲድና ሬቲኖል የምጠቀምባቸው ማታዎች ከብሩሽ ማታዎች ተለዩ። አሲዱ የሞቱ ሴሎችን ያላቅቃል፣ ሬቲኖል የቆዳን መታደስ ያፋጥናል፣ ብሩሽ ደግሞ ያነሳል። ሦስቱ በአንድ ማታ ከተገናኙ ቆዳው የሚያርፍበት ጊዜ የለም። ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ የትኛው ማታ የምን እንደሆነ።

ብጉር ብቅ ሲል

በቀኝ አገጬ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ብጉሮች ወጡ። ግራው ንጹሕ ነው። «ቆሻሻው እየወጣ ነው፣ ቀጥይበት» የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። ይህ ምክር ለብሩሽ አይሠራም። መጀመሪያ ብጉር አብዝቶ በኋላ የሚያጠራው እንደ ሬቲኖይድ (የእነ ሬቲኖል ወገን) እና አንዳንድ አሲዶች ያለ፣ የቆዳን መታደስ የሚያፋጥን መድኃኒት ነው። ብሩሽ እንዲህ አያደርግም። ከብሩሽ በኋላ የሚመጣ ብጉር ወይ ከመታሸት ነው ወይ ከብሩሹ ንጽሕና። ሁለቱም «ቁም» የሚሉ ናቸው።

መታሸቱን ስለቀነስኩ ጭንቅላቱን መረመርኩ። ነቅዬ አሸተትኩት፤ የታፈነ ፎጣ ሽታ አለው። ከሥሩ፣ እጀታው ላይ በሚገጥምበት በኩል፣ ግራጫ ዝቃጭ ተጠራቅሟል። ከላይ ሲታይ ንጹሕ ይመስል ነበር። ምክንያቱ ክዳኑ ነው። አብሮ የመጣው የፕላስቲክ ክዳን ከአቧራ ይጠብቃል፣ ግን እርጥብ ጭንቅላት ላይ ሲደረግ ውሃው መውጫ የለውም። በዚያ ላይ ብሩሹ የሚቀመጠው ሻወር ውስጥ ነበር። እርጥብ ቦታ የሚወዱ ባክቴሪያዎች አሉ። ሱዶሞናስ የተባለው ከመታጠቢያ ስፖንጅና ሉፋ ጋር ተያይዞ የጸጉር ሥር ብግነት እንደሚያመጣ በሕክምና የታወቀ ነው። የፊት ብሩሽም ያው እርጥብ ዕቃ ነው።

ጭንቅላቱን ጣልኩት። በአዲሱ ላይ ያቆምኩት ልማድ ይህ ነው። ከተጠቀምኩ በኋላ ጸጉሩን በክሊንዘሩ ራሱ አሽቼ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ አለቀልቃለሁ። ፎጣ ላይ ሞተሩን አብርቼ ውሃውን አራግፋለሁ። ጭንቅላቱን ነቅዬ ከሻወሩ ክፍል ውጭ፣ አየር በሚያገኘው ቦታ ጸጉሩን ወደ ታች አድርጌ አደርቀዋለሁ። ክዳኑ ለጉዞ ብቻ። በሳምንት አንዴ የጸጉሩን ጫፍ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ነክሬ አውጥቼ ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅ እተወዋለሁ። 99 በመቶው ይበልጣል ብሎ የሚያስብ አለ። ቶሎ ስለሚተን ጀርሙ ላይ አይቆይም፤ ውሃ የተቀላቀለበት 70ው ይሻላል።

ብጉሩ ጠፋ። ሁለት ጥቁር ነጥብ ግን ትቶ ሄደ። ጠቆር ያለ ቆዳ ሲቆጣ ሜላኒን የተባለውን የቆዳ ቀለም ያበዛል፤ ብጉሩ ከጠፋ በኋላም ምልክቱ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ እንደ እኔ ያለ ቆዳ ላላቸው ሰዎች ጉዳዩ ከመቅላትና ከመቆጥቆጥ ያልፋል። ቀይ ቆዳ ላይ በግልጽ የሚታየው መቅላት እኛ ላይ አይታይም፤ የምናውቀው በመወጠር፣ በሙቀትና በማሳከክ ነው። መስታወት እያዩ «አልቀላሁም» ማለት በቂ አይደለም። በጣት ጀርባ ሁለቱን ጉንጭ እየነኩ የሙቀት ልዩነት መፈተሽ ይሻላል። እኔ አሁን ከእያንዳንዱ ብሩሽ በኋላ ይህን አደርጋለሁ።

ሲሊኮኑ

ከናይሎኑ ጋር ለማወዳደር አንድ የሚንቀጠቀጥ የሲሊኮን ብሩሽ ያዝኩ። ሲሊኮን ውሃ አይመጥም፤ አራግፈው ሲያስቀምጡት ወዲያው ይደርቃል። ለንጽሕና የሚያስጨንቅ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። መታጠቡ ግን አይቀርም፤ የክሊንዘር ዝቃጭ በጥርሶቹ መካከል ይቀራል።

የራሱ ሕጎች አሉት። አምራቾቹ አልኮል ሲሊኮኑን ሊጎዳ ይችላል ስለሚሉ አልኮል አይነካውም። ጭቃ ያለበት፣ ሲሊኮን ያለበት ወይም ስክራብ የሆነ ክሊንዘርም አምራቾቹ ይከለክላሉ፤ ጥርሶቹ ይለጥፋሉ ወይም ይጫራሉ። ለናይሎኑ የገዛሁት አልኮል እዚህ ሥራ የለውም።

ስሜቱ የዋህ ነው። ጉንጬ አንድም ቀን አልተወጠረም። ነገር ግን ጥርሶቹ ወፋፍራም ስለሆኑ የአፍንጫዬ ክንፍ ሥር ያለው ስርጉድ ውስጥ አይገቡም። ቅርፊቱን ያነሳው ናይሎኑ ነው። ክሊንዘሩ ሲበዛ ደግሞ ሲሊኮኑ ፊት ላይ ይንሸራተታል፤ ይንቀጠቀጣል እንጂ የሚያነሳው ነገር የለም። ውሃ ጨምሮ አረፋውን ማሳሳት ረድቷል።

የጥጡ ሙከራ እንደገና

እስካሁን ያልፈተንኩት አንድ ነገር ነበር። የሚቀረው ቅባት በአብዛኛው ሳንስክሪን ነው። ውሃ የማይለቀው ሳንስክሪን የተሠራው ውሃ እንዳይለቀው ነው። ቅባትን የሚያሟሟ ቅባት ነው። ስለዚህ ግራ ፊቴን፣ ብሩሽ የማያውቀውን፣ መጀመሪያ በሚታጠብ የዘይት ክሊንዘር በጣቴ አሸት አሸት አድርጌ፣ ውሃ ጨምሬ ነጭ ሲሆን አለቀለቅሁት። ከዚያ በለመድኩት ጄል። ቀኙን ያለ ዘይት፣ በናይሎኑ ብሩሽና በጄሉ።

የግራው ጥጥ ነጭ ሆኖ ወጣ። የቀኙ ትንሽ ይዞ ወጣ። በሌላ ማታ ደገምኩት፤ ያው ነው። ጥጥ ላብራቶሪ አይደለም፤ ሲታሽ የሞቱ ሴሎችንም ያነሳልና ጥቂት ቀለም ሁሌም ይኖራል። የሁለቱ ልዩነት ግን በዓይን የሚታይ ነው።

ከሁለቱ ችግሮቼ አንዱን ብሩሽ ሳይሆን ጠርሙስ ዘይት ፈታው። ብሩሹ የቀረው ለአፍንጫዬ ቅርፊት ነው። እዚያ ላይ ከጣት ይበልጣል፤ ግራው በጣት አልጸዳም፣ ቀኙ በብሩሽ ጸድቷል። አፍንጫ ላይ የሚታዩት ግራጫ ነጥቦች ግን በሁለቱም በኩል እንዳሉ ናቸው። እነሱ ቆሻሻ አይደሉም፤ ቅባት የሚወጣበት ቀዳዳ ተፈጥሯዊ ይዘት ናቸው። ቢወጡም ተመልሰው ይሞላሉ። በብሩሽ እነሱን ማሳደድ የአፍንጫን ቆዳ ማድከም ነው።

ወንድሜና ጺሙ

ወንድሜ ልሞክረው ሲል የራሱን ጭንቅላት ሰጠሁት፤ ጭንቅላት አይዋዋሱም። ጺሙ ጥምዝ ስለሆነ ከተላጨ በኋላ ጸጉሩ ወደ ቆዳው ተመልሶ ይገባበታል። ከመላጨቱ በፊት ለጥቂት ሰከንድ በለስላሳው ጭንቅላት በክብ ሲያሸው የተኛው ጸጉር ይነሳል፤ ምላጩም አይንገዳገድበትም። ከተላጨ በኋላ ግን አይሆንም። ምላጭ ራሱ ከቆዳው ላይ ያነሳል። አንገቱ ላይ ያበጠ ነገር ያለ ቀን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይተወዋል።

ለማን አይሆንም

እህቴ ስትጠይቀኝ አይሆንሽም አልኳት፤ ችፌ አለባት። ሮዜሺያ (ፊትን የሚያቀላ የቆዳ ሕመም)፣ ያበጠ ወይም መግል የያዘ ብጉር፣ የአፍ ዙሪያ ምች፣ ቁስል፣ በጸሐይ የተቃጠለ ቆዳ ያለበት ሰው ብሩሽ አያስነካ። ፊት ላይ ኪንታሮት ያለበትም እንዲሁ፤ ኪንታሮት በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ብሩሹ ከቦታ ቦታ ይዘራዋል። አይሶትሬቲኖይን (ለከባድ ብጉር የሚዋጥ መድኃኒት) የሚወስድ፣ ሌዘር ወይም ፒሊንግ (ቆዳ መላጥ) የተሠራ፣ የፊት ጸጉሩን በሰም የተነቀለ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር።

ወጪው

የእጀታው ዋጋ አንዴ ይከፈላል። ጭንቅላቱ ግን በየሦስት ወሩ ይቀየራል፤ በዓመት አራት። ስለዚህ ሁለት ብሩሽ ስታወዳድሩ የእጀታውን ዋጋ ከአራት ጭንቅላት ጋር ደምሩና አወዳድሩ። ርካሽ እጀታ ውድ ጭንቅላት ይዞ ይመጣል። እኔ በሳምንት ሁለቴ ስለምጠቀም ጸጉሩ ከሦስት ወር በኋላም ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ግን ሥሩ ላይ ያለውን ዝቃጭ ካየሁ በኋላ እየቆጠርኩ እቀይራለሁ። ከጊዜው በፊት ከተንጋደደ ደግሞ ጫናው በዝቷል ማለት ነው።

ባትሪው ሊቲየም ነው፣ በእጀታው ውስጥ ታሽጓል። ሲሞት አይለወጥም፤ እጀታው አብሮ ይጣላል። ሲሊኮኑም ያው ነው፤ ጭንቅላት አይጠይቅም፣ ባትሪው ሲያልቅ ግን ዕቃው ሁሉ ያልቃል። ይህ ይከነክነኛል። ዕድሜውን ለማርዘም ፈጽሞ እስኪሞት አልጠብቅም፤ ለረጅም ጊዜ የማልጠቀምበት ከሆነ ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ቻርጀር ከመሰካቴ በፊት መሰኪያውን አደርቀዋለሁ። ሲሞት ከቤት ቆሻሻ ጋር ሳይሆን ወደ ኤሌክትሮኒክስ ማስወገጃ።

አሁን ያለሁበት

ማታ ማታ ዘይት፣ ከዚያ ጄል፣ በጣት። በሳምንት ሁለት ማታ ናይሎኑ በዝቅተኛው ፍጥነት አፍንጫና አገጭ ላይ ብቻ፣ 20 ሰከንድ። ጉንጭ ከብሩሽ ወጥቷል። ግንባር አንዳንዴ። ሲሊኮኑን የምወስደው ስጓዝ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ አይሸትም። የግማሽ ፊት ሙከራው አልቋል፤ ሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ይታጠባል። ጥቁር ነጥቦቹ በሳንስክሪን እየደበዘዙ ነው።

ቀጣዩ ሥራ ደረቁ ወቅት ሲገባ ሁለቱን ማታ ወደ አንድ ማውረድና አፍንጫው ያለ ብሩሽ ምን ያህል እንደሚቆይ ማየት ነው። የጭንቅላቱ መቀየሪያ ቀንም በስልኬ ካላንደር ላይ ገብቷል።